ሾተላይና የተዘጋው መንገድ፦ በ2012 ዓ.ም. በጎጃም የእርግዝና ክትትሌን ያስቀጠልሁበት ሁኔታ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረበት በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሦስት ቀን በኋላ ተዘጋ፤ በዚያው ወር ሦስተኛ ሳምንት ካለፈ በኋላ ደግሞ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ሰው እንዳይገባባቸውና እንዳይወጣባቸው ለ14 ቀናት ተዘጉ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ነበር ወዲያው ይገባዋል፤ ቲሊሊ፣ እንጅባራና አዲስ ቅዳም በዚያ መንገድ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ስለሆኑ፣ እነሱ ሲዘጉ ከላይም ከታችም መድረሻ አልነበረንም። እኔ የምኖረው ከእነዚህ ከተሞች ወደ አንዷ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ነው። ያን ጊዜ የደረሰብኝንና የተማርሁትን የምጽፈው፣ መንገድ በማንኛውም ምክንያት በሚዘጋበት ጊዜ ሌላዋ እርጉዝ እኔ ያባከንኋቸውን ቀናት እንዳታባክን ነው።

ለእኔ ነገሩን ያከበደው ደሜ ነው። የደም ዓይነቴ ኦ ኔጋቲቭ ሲሆን የባለቤቴ ኤ ፖዘቲቭ ነው። ይህ ምን እንደሚያስከትል የተረዳሁት በመጀመሪያ እርግዝናዬ ጊዜ ቢሆንም፣ ጉዳቱን ግን ስሙን ሳላውቀው በቤታችን አይቼዋለሁ። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ከወለደች በኋላ ሦስት ልጆች አጥታለች። የመጀመሪያው ዓይኑና ገላው ቢጫ ሆኖ በተወለደ በሦስተኛው ቀን አረፈ፤ ተከታዮቹ ሁለቱ ሕይወታቸው አልፎ ተወለዱ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሾተላይ አለባት» አለ። ሾተላይ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ዘንድ ልጅ የሚነጥቅ ክፉ መንፈስ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ እናቴ ክታብ አሠረች፣ ጠበል ተጠመቀች፣ እኔ በተወለድሁ ጊዜም ሾተላይን የማያስጎመጅ የማይረባ ስም አወጣችልኝ። እኔ ተረፍሁ።

ለምን እንደ ተረፍሁ ያስረዳችኝ የመጀመሪያ ልጄን በጸነስሁ ጊዜ የተከታተለችኝ አዋላጅ ነርስ ናት። አር ኤች የሚባለው ነገር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ያለበት ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለበት ደግሞ ኔጋቲቭ ይባላል። እናት ኔጋቲቭ ሆና ጽንሱ የአባቱን ፖዘቲቭ ደም ሲወርስ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ጥቂትም ቢሆን ከእናቱ ደም ጋር ይገናኛል፤ የእናቲቱም ሰውነት ያንን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጅለታል። የበኩር ልጅ ብዙውን ጊዜ ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ ስለሚወለድ ምንም አይሆንም። ቀጥሎ የሚጸነሰው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ያ የተዘጋጀ መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል፤ ልጁም በማሕፀን ሳለ በደም ማነስ ይጎዳል ወይም ቢጫ ሆኖ ይወለዳል። እኔ ደሜ ኔጋቲቭ በመሆኑ የእናቴ ሰውነት ያዘጋጀው መከላከያ እኔ ላይ የሚያፈርሰው ነገር አላገኘም። አዋላጇ እናቴን ሳትመረምር በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል ገልጻልኝ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱን ልጆች በሌላ ዓይን ነው የማስባቸው።

አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ የእናቲቱ ሰውነት ያንን መከላከያ ገና እንዳያበጅ የሚያደርግ ነው። በ28ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ የተወለደው ልጅ ደሙ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሌላ ጊዜ ይሰጣል። ውርጃ ካጋጠመ፣ በእርግዝና ጊዜ ደም ከታየ ወይም ሆድ ላይ ከባድ ምት ከደረሰ ሐኪም ከዚያ ውጭም ሊያዝዘው ስለሚችል፣ ኔጋቲቭ የሆነች ሴት በእነዚህ ጊዜያት ቤት መቀመጥ የለባትም። መከላከያው አንድ ጊዜ ከተፈጠረ መርፌው ስለማይጠቅም፣ አስቀድሞ ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባል የደም ምርመራ ይደረጋል። እኔ ይህን ምርመራ በጥር ወር ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ተመርምሬ መከላከያ አልተገኘብኝም ነበር። ሐኪሙ 28 ሳምንት ሲሞላኝ ለመርፌው እንድመለስ ቀጥሮኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ መንገዱ ይዘጋል ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ቀን አቆጣጠር ጥቂት ልበል፣ በኋላ ከምንም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነውና። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲሆን እስከ መውለጃው 280 ቀን ነው። የእኛ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ይህ በትክክል 9 ወር ከ10 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን በመካከል የምትገባ ከሆነ የእሷን 5 ቀን፣ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 6 ቀን መቀነስ ብቻ ነው። የእኔ የመጨረሻ የወር አበባ የጀመረው በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ሰኔ 17፣ ዐሥር ቀን ሲጨመርበት ሰኔ 27 ይመጣል። 28 ሳምንት 196 ቀን፣ ማለትም 6 ወር ከ16 ቀን ስለሆነ፣ እኔ የምሞላው ሚያዝያ 3 ቀን በሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ያን ጊዜ በነበረው አሠራር አራት የክትትል ቀጠሮዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ከ16ኛው ሳምንት በፊት፣ ሁለተኛው ከ24 እስከ 28፣ ሦስተኛው ከ30 እስከ 32፣ አራተኛው ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ነው። እነዚህን ሁሉ በግድግዳችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጌባቸው ስለነበር፣ በኋላ በስልክ «ስንት ሆነሽ?» ተብዬ ስጠየቅ «ሰባት ወር ገደማ» ከማለት ይልቅ ሳምንቱን ከነቀኑ መናገር ችያለሁ። በስልክ የሚረዳን ባለሙያ ሆዳችንን ሊዳስስ ስለማይችል በእጁ የሚገባው መረጃ ይህ ብቻ ነው።

የሁለተኛው ቀጠሮዬ መጋቢት 24 ቀን ነበር። ከተማዋ በተዘጋች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። በጠዋት ተነሥቼ በእግሬ ሄድሁ፤ በከተማዋ መግቢያ ላይ የቆመው ጠባቂ ግን የክትትል ካርዴን እንኳ ሳይመለከት ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ መግባት እንደማይቻል ነግሮ መለሰኝ። እኔም ተመለስሁ። አልተከራከርሁም፣ ለማንም አልደወልሁም፣ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አልጠየቅሁም። ሰባት ቀን ሙሉ የእርግዝና ክትትል የቆመ መስሎኝ ቤቴ ተቀመጥሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይህ ነው። የጤና ጣቢያው በር አልተዘጋም ነበርና። አዋላጆቹ በየቀኑ ክፍላቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር። «ክትትል ተቋርጧል» ብሎ ያወጀ አካል አልነበረም፤ እኛ ሴቶች ግን «ከቤት አትውጡ» የሚለውን ስንሰማ ጤና ጣቢያውንም አብረን ዘጋነው። በዚያ ላይ በሽታው ያለው ሕክምና ቤት ውስጥ ነው የሚል ፍርሃት በሁላችን ላይ ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን በሬዲዮ ስሰማማ ጭራሽ ተስፋ ቆረጥሁ።

ከዚያ ያወጣኝ የጎረቤቴ መታመም ነው። አራተኛ ልጇን ይዛ በስምንተኛ ወሯ ላይ የነበረች ሴት ናት፤ እሷም እንደ እኔ ቀጠሮዋን አሳልፋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ሲያማት ቆይቶ፣ ፊቷና እጇ አብጦ ቀለበቷ ከጣቷ አልወጣ አለ፤ ምች መትቷታል ተብሎ ዳማ ከሴ ታሽቶ ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባት ጀመር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተጠርታ ግፊቷን ብትለካ 170 በ110 ሆኖ አገኘችው። ከ140 በ90 ጀምሮ በእርጉዝ ሴት ላይ እንደ ከፍተኛ እንደሚቆጠር፣ ይህ ግፊት ከእርግዝናው እኩሌታ በኋላ የሚነሣ፣ ሳይታከም ከቆየም ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት የሚያደርስ መሆኑን ያስረዳችን እዚያው ቆማ ነው። ለአምቡላንስ ደወለች፤ አምቡላንሱ በኮሮና የተጠረጠረ ሰው ለማምጣት ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር።

ጎልማሶች ቃሬዛ አሠሩ። መሰባሰብ ተከልክሎ ሰው እርስ በርሱ በሚፈራራበት በዚያ ሰሞን ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እየተቀባበሉ ተሸከሟት፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተከተልሁ። ከተማዋ መግቢያ ስንደርስ በዚያን ዕለት የነበረው ጠባቂ ቃሬዛውን አይቶ ገመዱን ፈታልን። አዋላጇ ጎረቤቴን ተቀብላ መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ሰጥታት፣ ሪፈር ጽፋ፣ አምቡላንሱ ሲመለስ ወደ ሆስፒታል ላከቻት። እዚያም ሳትንቀጠቀጥ ወለደች። ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ስለተወለደ በጣም ትንሽ ነበር፤ ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አቅፋ ብዙ ቀን ሰነበተች። አሁን እየሮጠ ደጃችን ይመጣል።

ጎረቤቴ ከሄደች በኋላ አዋላጇ ወደ እኔ ዞራ የመጣሁት ለማስታመም ብቻ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጠሮዬ ማለፉን፣ ከበር መመለሴን፣ መርፌዬም ባሕር ዳር እንደሆነ ነገርኋት። «ካርድሽን ይዘሽ ስትመጪ የሚከለክልሽ ቢኖር በስልክ አገናኚኝ፤ እርጉዝ ሴት ለክትትል መምጣት አልተከለከለችም» አለችኝና ስልኳን ካርዴ ላይ ጻፈችልኝ። በዚያው ዕለት ግፊቴ፣ ክብደቴና የማሕፀኔ ከፍታ ተለካ፣ ሽንቴና የደሜ መጠን ተመረመረ፣ የልጁም የልብ ምት ተደመጠ። ሁሉም ደህና ነበር፤ አንድ ሳንቲምም አልከፈልሁም፤ የእርግዝናና የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ የሚሰጥ ነውና። ወደ ቤቴ የተመለስሁት ማኅተም ያለበት የይለፍ ደብዳቤ ይዤ ነው፤ ደብዳቤው ስሜን፣ እርጉዝ መሆኔንና የሚቀጥሉትን ቀጠሮዎቼን ይዘረዝራል። ከዚያ ወዲህ ማንም ከበር አልመለሰኝም። ይህን ደብዳቤ ቀድሜ በጠየቅሁ ኖሮ እላለሁ፤ ለመጠየቅ ያስፈለገው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር።

አንቲ ዲ ግን በጤና ጣቢያው የሚገኝ መድኃኒት አልነበረም። ባሕር ዳር ተዘግታለች። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ የሕዝብ ማመላለሻም የለም። አዋላጇ 28ኛው ሳምንት የተመረጠ ጊዜ እንጂ አንድ ቀን ካለፈ የሚጠፋ ነገር እንዳልሆነ፣ ጥቂት ቀን ቢዘገይ ፈጽሞ ከመቅረት እጅግ የተሻለ መሆኑን ስትነግረኝ ልቤ ተመለሰልኝ። የመድኃኒት ማዘዣውን ጻፈች፤ በስልኳ ፎቶ አንሥታም ደብረ ማርቆስ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በቴሌግራም ላከችለት። ወንድሜ ሁለት መድኃኒት ቤት ጠይቆ አጥቶ በሦስተኛው አገኘው። ዋጋው የደመወዜን እኩሌታ ያህል ነበር። ለዚህ ብለን ከጥር ወር ጀምሮ ስናጠራቅም ስለቆየን ብድር አላስፈለገንም፤ ኔጋቲቭ መሆኗን ያወቀች ሴት ባለቤቷን አማክራ ገና በሦስት ወሯ ለሁለቱ መርፌዎች ገንዘብ ማስቀመጥ ብትጀምር መልካም ነው።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝና በረዶ ቢሠራም ይበላሻል። ወንድሜ በረዶ ያለበት የፎም ሳጥን ከመድኃኒት ቤቱ ተውሶ፣ መርፌው በረዶውን እንዳይነካ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ አስገባው። ሰው ማመላለስ ቢቆምም ምግብና ሸቀጥ የሚጭኑ መኪኖች እየታዩ ያልፉ ስለነበር፣ ዘይትና ዱቄት ጭኖ በእኛ በኩል ለሚያልፍ የአይሱዙ ሾፌር አደራ ሰጠው። ሚያዝያ 7 ቀን፣ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ፣ ባለቤቴ ደብዳቤውን ይዞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከመንገዱ ዳር ቆመ። መኪናው የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ሾፌሩ ባለቤቴ የዘረጋለትን ገንዘብ አልቀበልም ብሎ፣ «ማርያም በሽልም ታውጣት» ብሎ ሳጥኑን አስረክቦት ሄደ። ያን ሰው አይቼው አላውቅም፤ ስሙንም አልያዝንም፤ በጸሎቴ ግን አልረሳውም። መርፌውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ተወጋሁ፤ 28 ሳምንት ከ4 ቀን ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ቀላል ሆነልኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጤና ኬላው ግፊቴን በየሁለት ሳምንቱ እየለካች ለአዋላጇ በስልክ ትነግራታለች፤ እኔ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው የምሄደው በቀጠሮዬ ቀን ብቻ ነው። ደም የሚያበዛውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን የአንድ ወር ብቻ ይሰጡኝ የነበረውን የሁለት ወር እንዲሆንልኝ ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ኪኒኑን ከቡና ጋር መውሰድ ጥቅሙን እንደሚቀንሰው የሰማሁትም በዚያን ጊዜ ነው፤ በእኛ ቤት ቡና ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፋ ስለሆነ ማታ ልተኛ ስል መዋጥ ጀመርሁ። ለኮሮና ይበጃል እየተባለ ፌጦ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ሲጠጣ እኔም ልጀምር ስል አዋላጇ ፌጦውን ከለከለችኝ። ከነፍስ አባቴ ጋርም ስለ ጾሙ ተነጋግሬ በፈቃዳቸው እየበላሁ ነው ፋሲካን የደረስሁት።

በቀን መቁጠሪያው አጠገብ አንድ ወረቀት ለጥፌ ነበር፤ ባለቤቴ እኔ ራሴን ብስት እንኳ እንዲያነበው በማለት ነው። ደም ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ የሽርት ውሃ ከቀኑ በፊት ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሆድ በኃይል ከታመመ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት መሄድ የሚል ነበር። ከሥሩ የአዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የአምቡላንሱ ሾፌርና ባጃጅ ያላቸው የሁለት ሰዎች ስልክ ተጽፏል። አምቡላንስ ብቻውን እንደማይበቃ ከጎረቤቴ ተምረናል። ቃሬዛውንም ጎልማሶቹ አላፈረሱትም፤ በዕድሩ ዕቃ ቤት አኖሩት።

በሰኔ ወር መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ተሽከርካሪዎች ግን ሰው በግማሽ ስለሚጭኑ ዋጋው እጥፍ ነበር፣ መኪና ለማግኘትም ረጅም ሰዓት ይጠበቃል። ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዘኝ ብዬ ከቀኔ ዐሥር ቀን ቀድሜ ሆስፒታል አጠገብ ዘመድ ቤት ገባሁ። ዘመድ ለሌላት ሴት የእናቶች ማቆያ አለ፤ በዚያን ጊዜ አልጋ አራርቀው ጥቂት ሴቶች ብቻ ይቀበሉ ስለነበር ቦታ መኖሩን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛውን መርፌ ባለቤቴ ከባሕር ዳር ገዝቶ አመጣው፤ ሆስፒታሉ ስሜን ጽፎበት በማቀዝቀዣ አኖረልኝ።

ሰኔ 24 ቀን ሌሊት ወንድ ልጅ ወለድሁ። አፌን ሸፍኜ አማጥሁ፤ እናቴም ባለቤቴም እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ «ማርያም ማርያም» የሚልልኝ ሰው በአጠገቤ ሳይኖር የወለድሁት ይህን ልጅ ብቻ ነው። አዋላጆቹ ግን አልተለዩኝም። ከእትብቱ ደም ተወስዶ ሲመረመር ልጁ ኦ ፖዘቲቭ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኔጋቲቭ የሆኑ እህቶቼ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የተረኛ ለውጥ ሲደረግ የልጁ የደም ውጤት ከወረቀቶቼ መካከል ጠፋ፤ አዲሷ ተረኛም ስለ መርፌው ምንም አልተነገራትም። ሰላማዊ ወሊድ ስለነበረኝ በ24ኛው ሰዓት ወደ ቤት ልሸኝ ስል፣ መርፌው እንዳልተሰጠኝ የተናገርሁት እኔ ራሴ ነኝ። በቂ ጊዜ ስላለ ቤቴ ደርሼ በማግሥቱ እንድመለስ ተነገረኝ። እኔ ግን ሳልወጋ እንደማልወጣ በትሕትና አስረዳሁ። ቤቴ ሩቅ ነው፣ መኪና ሊጠፋ ይችላል፣ 72 ሰዓቱ መቆጠር የጀመረው ልጁ በተወለደበት ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከላቦራቶሪ መዝገብ ተፈልጎ ተገኘ፣ መርፌውም በ31ኛው ሰዓት ተሰጠኝ። ቀኑና ሰዓቱ ካርዴ ላይ እስኪጻፍ ድረስ ከአልጋው አልወረድሁም።

እናቴ አራስ ልትጠይቅ የመጣችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ገንፎውን ደጃፍ ላይ ሆና አቀበለችኝ፣ እልልታውንም እዚያው አሰማችው። ልጁ እንደማይነጠቅባት ያመነች አትመስልም ነበር። ሌሊት ሌሊት ብርሃን እያበራች የዓይኑን ነጭ ስትመለከት አገኛታለሁ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ልጁን ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ስወስደው አብራኝ መጣች። አዋላጇን ከእሷ ጋር አስተዋወቅኋትና እናቴን ደሟን ለምርመራ እንድትሰጥ ለመንኋት። ብዙ ጊዜ እምቢ ስትል የቆየች ሴት በዚያን ቀን ዝም ብላ ጣቷን ዘረጋች። ውጤቱ ኦ ኔጋቲቭ ነው። አዋላጇ ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ ለእሷም ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ ክፉ መንፈስም ኃጢአትም እንዳልነበረ፣ በእሷ ጥፋት የሆነ ነገር እንደሌለ ነገረቻት።

ስንወጣ በጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጠች።

«ይህ መርፌ ያኔ ነበር?» አለችኝ።

መርፌው በዓለም ላይ መሰጠት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ ከመወለዱ በፊት መሆኑን አንብቤ ነበር። ልዋሻት አልቻልሁም።

«ነበር፣ እናቴ። እኛ ዘንድ አልደረሰም እንጂ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ልጁን ከእጄ ተቀበለችኝና አዘለችው፤ እስከ ቤታችን ባለው መንገድ የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።